በየኔታ ፈንቴ ደረት ውስጥ የነበረው ጉባኤ ቤት

ጡረታ ስወጣ ጋቢ አለበሱኝ። ኬክም ነበር፤ «ይታየሽ» ብለው ጽፈውበታል። እኔ ይታይሽ ነኝ። ያን ሁሉ ዘመን አብሬያቸው ሠርቼ ስሜን አላወቁትም ማለት ነው። ከመጣ ገና ዓመት ያልሞላው አንድ ልጅ ማይክሮፎን ጨብጦ «ሲስተር የብዙዎችን ሕይወት የታደጉ እናት ናቸው» አለ፤ ሰዉም አጨበጨበ። እኔ በሆዴ «ያልታደግሁትንስ ማን ይናገርልኝ?» እያልሁ ነበር። ከኬኩ ትንሽ ቀመስሁና ጋቢዬን አጣጥፌ ወደ ቤቴ ገባሁ።

አሁን ሰዉ ሁሉ «እንዴት ነው ዕረፍቱ?» ይለኛል። ምን ዕረፍት አለ እባካችሁ! ጉልበቴን ያመኛል፣ እንቅልፍ እንደሆነ ጥሎኝ ሄዷል፣ ንዴቴም አልበረደልኝም። ሰው ሲሸመግል ሁሉንም ይቅር ይላል የሚሉኝን አልሰማቸውም። እኔ ይቅር ያላልሁት አንድ ሰው አለ፤ እሳቸውም ሞተዋል።

ሥራ የጀመርሁት መራዊ ነው። ያኔ ማዋለዱም፣ ቁስል ማጠቡም፣ ክትባቱም በእኔው እጅ ነበር። ወላድ በጋሪ ተጭና ስትመጣ ጋሪ ነጂው ፈረሱን ሳይፈታ በር ላይ ቆሞ «ተገላገለች?» እያለ ይጮህብኝ ነበር። ከዚያ ወደ ቡሬ ተዛወርሁ። የእኔ ቡሬ የወባ ቡሬ ናት። ለቀን ሥራ ወደ ቆላ የወረዱ ጎልማሶች በነቀምቱ መንገድ አይሱዙ ላይ ተኮራምተው፣ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ይመጡልን ነበር። እዚያ ብዙ ሰው አዳንን፤ ይህን ለመናገር አላፍርም።

አለቃም ብዙ አየሁ። አንደኛው፣ ስሙንም ቦታውንም አልጠራም፣ ግድግዳ ላይ በሚለጠፍ ነገር የሚያምን ሰው ነበር። «ጓንት አልቋል» ስንለው «እጅ አስታጣጠቡን የሚያሳየው ፖስተር ተለጥፏል ወይ?» ይለናል። ተለጥፏል ስንለው ደስ ብሎት ይሄዳል። ስለ ደመወዙ አትጠይቁኝ፤ እሱን ብጀምር ሌላ መጽሐፍ ይወጣዋል።

ፍኖተ ሰላም የመጨረሻ ቦታዬ ሆነች። ሙያዬን የተማርሁትም እዚያ ነው ብል አልዋሸሁም፤ ዶክተር አለኸኝን ያገኘሁት እዚያ ነዋ። የውስጥ ደዌ ሐኪም ናቸው። ቀጭን፣ ቁጡ፣ ሻያቸውን ቀድተው አስቀምጠው ሲበርድ የሚጠጡ ሰው። ከጠረጴዛ ኋላ አይቀመጡም፤ ወንበራቸውን ጎትተው ከታማሚው ጎን ይሆናሉ። ማዳመጫውን አንገታቸው ላይ ጥለው መጀመሪያ የሚጠይቁት «ምን ይሠሩ ነበር? አሁን የትኛው አቃተዎት?» ብለው ነው። «የት ያምዎታል?» የሚለው ኋላ ነው የሚመጣው።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ታማሚው ሲገባ እጁን ጨብጠው «እንዴት አደሩ?» ይላሉ። ምርመራው ሁሉ ካለቀ በኋላ ደግሞ እንደ አዲስ እጁን ጨብጠው «እንዴት አደሩ?» ይላሉ። አዲስ የመጡት ልጆች «ዶክተሩ መዘንጋት ጀመሩ» እያሉ ይስቁባቸዋል። እኔም መጀመሪያ ጊዜ ስቄያለሁ። ኋላ ስጠይቃቸው «ሲስተር፣ የመጀመሪያው ሰላምታ ለሰውየው ነው፤ የኋለኛው ለጡንቻው ነው» አሉኝ። ሲገባ የጠነከረ እጅ ሲወጣ ከላላ፣ ያ ሰው ሲሠራ የሚደክም፣ ሲያርፍ የሚመለስ በሽታ ይዞታል ማለት ነው። «ደክሞኛል» የሚል ገበሬ ከመጣ ደግሞ ደጅ ያለው ሰልፍ ጋራ ቢያክል አይቸኩሉም። «የእኛ አገር ገበሬ ወገቤን ይላል፣ ብርድ መታኝ ይላል እንጂ ደከመኝ አይልም፤ ካለ አዳምጪው» ይሉኝ ነበር።

የኔታ ፈንቴ ወደ እኛ የመጡት በአንድ የገበያ ቀን ነው። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ካለ አንድ የገጠር ደብር ቅኔ የሚያስተምሩ መምህር ናቸው። ያመጣቸው ሞላ የሚባል ገበሬ ታናሽ ወንድማቸው ነው፤ ትልቅ ሰው፣ ድምፁ ማሳ ለማሳ የሚሰማ። የኔታ በአንድ እጃቸው መቋሚያ ይዘዋል፤ በሌላው አገጫቸውን ደግፈዋል። ሁለቱም የዓይናቸው ቆቦች ወርደው ብሌኑ ለጥቂት ነው የሚታየው። ሰው ለማየት ራሳቸውን ወደ ኋላ ማቅናት ነበረባቸው።

«ዓይነ ጥላ ነው» አለ ሞላ ገና ሳይቀመጥ። «ጠበል ሲጠመቁ ይለቃቸዋል፤ ፀሐይ ዘወር ስትል ይመለስባቸዋል። ጠዋት ደኅና ናቸው። ማታ ጉሮሯቸው አይውጥ፣ ውኃው በአፍንጫቸው ይመለሳል።»

የኔታ ፈገግ ለማለት ሞከሩ፤ ከንፈራቸው ግን አልታዘዘም። «እኔ ታቦት ሲወጣ ጥላ ስይዝ የኖርሁ ሰው ነኝ» አሉ በአፍንጫቸው በሚወጣ ድምፅ። «ዛሬ ጥላው እኔው ዓይን ላይ ተዘረጋ።» ዶክተር አለኸኝ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ወደድኋቸው። ምን ዋጋ አለው!

ዶክተሩ ጣታቸውን ከፍ አድርገው «የኔታ፣ እዚህ ላይ ይዩልኝ፤ እንዳያወርዱ» አሉ። ጣቲቱን እያዩ ቆቡ ቀስ እያለ ወረደ፤ ጥቂት ቆይቶ ጨርሶ ተከደነ። ቀጥሎ «በአንድ ትንፋሽ ይቁጠሩልኝ፤ በግእዝም ይሁን» አሏቸው። አሐዱ፣ ክልኤቱ፣ ሠለስቱ እያሉ ጀመሩ። ሲጀምሩ የመምህር ድምፅ ነበር። ዐሠርቱ ላይ ሳይደርሱ ድምፁ ወደ አፍንጫ ሄደ፣ ከዚያ ሰለለ፣ ከዚያ የከንፈራቸው እንቅስቃሴ ብቻ ቀረ። ሞላ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከዚያ ዶክተሩ ከላቦራቶሪው ማቀዝቀዣ በረዶ አስመጡኝ። በጓንት ቋጥሬ የየኔታ ቀኝ ዓይን ላይ ያዝሁት። ትንሽ ቆይተን ስናነሣው ዓይኑ ቦግ አለ! ግራው እንደ ተከደነ፣ ቀኙ የጤነኛ ሰው ዓይን ሆኖ ያየናል።

«ለቀቃቸው!» ብሎ ሞላ ብድግ አለ። «እንዲህ ነው እኮ ጠበሉም የሚያደርጋቸው!»

«ጠበሉ ይቀዘቅዛል?» አሉ ዶክተሩ።

«ከዋሻ ሥር ነው የሚወርደው፤ እጅ ያደነዝዛል።»

«ለዚያ ነው። እኔ በጠበሉ አልመጣም፣ ይጠመቁ። ግን ይህን በሽታ ብርድ ለጥቂት ጊዜ ያነሣዋል። ነርቭ ጡንቻን የሚያዝበት በር አለ፤ የኔታ ላይ በሩን የዘጋባቸው የራሳቸው ደም ነው።» ሞላ ደስ አላለውም። «ደማቸው ምን በደሉት ብሎ?» አለ። ጥያቄው ሞኝ ጥያቄ አልነበረም።

መድኃኒቱ ፒሪዶስቲግሚን ይባላል። በእኛ ሰፈር ፋርማሲ ውስጥ አይገኝም፤ በሰው በሰው ከአዲስ አበባ ነበር የምናስመጣው። የመጀመሪያዋን ክኒን በእጄ አስዋጥኋቸውና ተቀምጠን ጠበቅን። ቀስ እያለ ቆቡ ወደ ላይ ወጣ፣ አገጩን የያዘው እጅ ወረደ። «ልጄ» አሉኝ፣ ድምፃቸው ጥርት ብሎ፣ «ቆሎ ይገኛል?» ከደጅ ገዝቼ አመጣሁላቸው። ከተማሪነታቸው ጀምሮ የኖሩበትን ቆሎ ለወራት ማኘክ አቅቷቸው ነበርና እየቆረጠሙ እንባቸው ወረደ። ሞላ ደግሞ ያን ትልቅ ድምፁን ለቆት እንደ ሴት ያለቅሳል። እኔም ዕቃ የማነሣ መስዬ ወጣሁና አለቀስሁ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን ደስ ያለኝ ጊዜ ትንሽ ነው።

ባሕር ዳር ሄደው ደረታቸው በሲቲ ስካን ሲታይ፣ ከደረቱ የፊት አጥንት ኋላ፣ ከልብ በላይ የዶሮ እንቁላል የሚያህል እጢ ተገኘ። ዶክተር አለኸኝ ፊልሙን መስኮት ላይ ደግፈው ወንድማማቾቹን ጠሯቸው። ያን ቀን ያስረዱትን እስካሁን አልረሳሁትም።

«እዚህ ቦታ ላይ ታይመስ የሚባል ሥጋ አለ» አሉ። «ልጅ ሳለን ትልቅ ነው፤ ስንሸመግል ሟሙቶ ስብ ይሆናል። ሰውነታችንን ከበሽታ የሚጠብቁ ዘቦች አሉ፤ የሚማሩት እዚህ ነው።»

«ምን ይማራሉ?» አሉ የኔታ፤ መምህር ናቸውና ትምህርት ሲባል ጆሯቸው ይቆማል።

«የራስን ከባዕድ መለየት። በራሱ ወገን ላይ እጁን የሚያነሣው እዚያው ይቀራል፤ ወደ ደም አይወጣም።»

«ሳያስመሰክር አይወጣም በሉኛ!»

ዶክተሩ እጃቸውን አጨበጨቡ። ለማያውቅ ሰው፣ የአብነት ተማሪ ትምህርቱን ጨርሶ ከመምህራን ፊት ቀርቦ ካልተፈተነ መምህር አይባልም፤ ያንን ነው ማስመስከር የሚሉት። «እንደዚያ ነው የኔታ። እርስዎ ላይ ታይመሱ እጢ አበቀለ። እጢውም ጉባኤ ቤት ይመስላል፤ ተማሪ ይቀበላል፣ ያሳድጋል። ፈታኝ ግን የለውም። ያልተፈተኑት ይወጡና በነርቭና በጡንቻው መካከል ያለውን በር እንደ ጠላት ያስመቱታል። ይህ በሽታ ያለበት ሁሉ እጢ አለው ማለት አይደለም፤ ጥቂቶቹ ናቸው። እርስዎ ከጥቂቶቹ ሆኑ።»

«በደረቴ ውስጥ ሳያስመሰክሩ የወጡ ደባትር ተሰብስበዋል ማለት ነው!» የኔታ ሳቃቸው አመለጣቸው። «እንዲህ ያለ ጉባኤ ቤትማ ይዘጋ።»

«መዘጋት አለበት። እጢው ካደገ ሳንባና ልብን ይገፋል፤ አዲስ አበባ ደረት ከፍተው ያወጡታል። ቀድመው የወጡት ተማሪዎች ግን ወዲያው አይመለሱም፤ ክኒኑ ይቀጥላል። እያደር ሊቀንስ ይችላል።»

ሞላ ደረት መክፈት ሲባል አመድ መሰለ። የኔታ ግን «እሽ» አሉ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ እሽ ብለዋል። ቢላዋ አልፈሩም።

ቀጠሮው አንድ ጊዜ ደረሰና መንገድ ተዘጋ። ሌላ ጊዜ መንገዱ ሲከፈት ቀጠሮው አልፎ ነበር። መጨረሻ ላይ «ከፋሲካ በኋላ ይምጡ» ተባለ። እንግዲህ የእኔና የዶክተሩ ሥራ አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ የኔታን እስከዚያ ድረስ በክኒኑ አቁሞ ማቆየት። ክኒኗ የምትሠራው ለጥቂት ሰዓት ነው፤ ቀኑን ሙሉ እየደጋገሙ መዋጥ ግድ ነው። ከቀረች መጀመሪያ ዓይን ይከደናል፣ ቀጥሎ መዋጥ ያቅታል፣ ቀጥሎ ትንፋሽ ነው።

ዐቢይ ጾም ገባ። የንስሐ አባታቸውን ዶክተር አለኸኝ ራሳቸው በስልክ አነጋገሯቸው። ደግ ሽማግሌ ናቸው፤ «ድዉይ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ድዉይ አታስጨንቅም፤ በውኃ ይዋጥ፣ ስግደቱም ቀርቶለታል» አሉ። ስለዚህ ሃይማኖት ገደላቸው የሚለኝ ካለ አፌን አያስከፍተኝ። ማንም አልከለከላቸውም።

ከሆሣዕና በፊት ለመጨረሻ ጊዜ መጡ። ክኒናቸውን ሰጥቼ፣ በር ላይ ስሸኛቸው እንዲህ አልኋቸው፤ «የኔታ፣ ሰሙነ ሕማማት እየመጣ ነው። መድኃኒትዎን አደራዎን እንዳይተዉ።»

ራሳቸውን ሳያቀኑ፣ በሙሉ ዓይናቸው አዩኝ። «ልጄ፣ በዚያ ሳምንት መድኃኒቴን ትቼ ወዴት እሄዳለሁ?» አሉ።

«እሰይ!» አልሁ። ለዶክተሩ ሄጄ «እንደማይተዉ ነግረውኛል» አልኋቸው። እሳቸውም ደስ አላቸው፤ ሻያቸውን እንዲያውም ሳይበርድ ጠጡት። የቄስ ልጅ ነኝ እኮ እኔ! መድኃኒት ማለት ማን እንደሆነ በሕፃንነቴ ዳዊት ስደግም ተምሬዋለሁ። ጆሮዬ ግን የሐኪም ቤት ጆሮ ሆኖ ኖሮ ክኒኑን ብቻ ሰማ።

ፋሲካ አለፈ። ሞላ ብቻውን መጣ። ነጠላውን ዘቅዝቆ ለብሷል፤ በእጁ የላስቲክ ከረጢት ይዟል። ገና ሳየው ገባኝ።

«ለሌላ ሰው ይሆናል ብዬ ነው» አለና ከረጢቱን ሰጠኝ። ክኒኑ ነበር፤ ብዙው እንዳለ።

የኔታ ሰሙኑን ቀን ቀን አልነኩትም። ማታ እህል ሲቀምሱ ብቻ አንድ ይውጡ ነበር። በየቀኑ ከተማሪዎቻቸው ጋር ሰግደዋል። ሐሙስ ላይ ድምፃቸው ጠፋ፤ ሰው በጾሙ ነው አለ። ዓርብ ስቅለት ከሰዓት፣ ሕዝቡ ሲሰግድ እሳቸውም ወደቁ፤ ግንባራቸው መሬት ነካ። ሕዝቡ ተነሣ። እሳቸው አልተነሡም።

«ማንም አላነሣቸውም?» አልሁት።

«እንዴት ብለን እታለም! የኔታ እያለቀሱ የሚጸልዩ መሰለን። ተማሪዎቹ እንዳይረብሿቸው ፈንጠር ብለው ቆሙላቸው። እኔም አጠገባቸው ነበርሁ። ነጠላቸው ገለጥ ብሎባቸው አለበስኋቸው።» ከዚያ ፊቱ በራ፤ አዎ፣ በራ። «በስቅለት ቀን፣ በስግደት ላይ! እንዲህ ያለ ሞት ማን ያገኛል?»

አጠገቡ ሆነው ትንፋሽ ሲያጥራቸው፣ እሱ ነጠላ ያለብሳቸዋል። ልጮህበት ነበር። ዶክተር አለኸኝ ከኋላዬ መጥተው ሰምተው ኖሮ፣ የሞላን እጅ ጨብጠው «እግዜር ያጽናህ» አሉትና ወደ ክፍላቸው ገቡ። ያን ዕለት ታማሚዎቹን ሁሉ አዩ፤ አንድም ሰው ላይ አልተቆጡም። እኔን ያስፈራኝ ያ ነው።

ተዝካራቸው ላይ ሄድሁ። ዳስ ሙሉ ካህን፣ ዳስ ሙሉ ተማሪ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጫለሁ። አንድ መሪጌታ፣ የየኔታ የጉባኤ ወንድም፣ ቆመው ስለ እሳቸው ሲናገሩ «የመጨረሻ ቅኔያቸውንስ ሰምታችኋል?» አሉ። «ከፍኖተ ሰላም የተመለሱ ዕለት እየሣቁ ነገሩን። ሐኪሟ መድኃኒትዎን አይተዉ ብትላቸው፣ በሰሙነ ሕማማት መድኃኒቴን ትቼ ወዴት እሄዳለሁ አልኋት አሉን። ሐኪሟ እሰይ አለች! ሰሙን ተቀብላ ሄደች። ወርቁ ግን መድኃኔ ዓለም ነው!»

ዳሱ በአድናቆት ተነቃነቀ። «ወይ የኔታ!» «ወይ ሊቅ!» አንዱ ጭኑን ይመታል፣ አንዱ ይደግመዋል። አጠገቤ ያለችው ሴት እንባዋን እየጠረገች «ምን ዓይነት አፍ ነው!» አለችኝ። ሐኪሟ እኔ እንደሆንሁ አታውቅም።

ደሜ ፈላ። ለአንዲት ነርስ፣ ሕይወታቸውን ልታተርፍ ለምትለፋ፣ ቅኔ ዘረፉባት! ባይሹት «አልውጥም» ቢሉኝ ምን ነበር! እጣላቸው ነበር፣ እለምናቸው ነበር፣ ከዶክተሩ ጋር ደብሩ ድረስ ወርጄ እግራቸው ላይ እወድቅ ነበር። በተማሪዎቻቸው ፊት ውኃ መጎንጨት አፈሩ፤ እኔን ደግሞ በጥሩ ቃል አሰናበቱኝ። ይኸው ነው።

ተነሣሁ። «መሪጌታ» አልሁ፣ «ያቺ ሐኪም እኔ ነኝ።» አጠገቤ ያለችው ሴት ቀና ብላ አየችኝ። «ወርቁን እናንተ ውሰዱት። እኔን የሚያስፈልገኝ ሰሙ ነበር።»

«ልጄ፣ ምሥጢሩን አልተረዳሽውም» አሉኝ በርኅራኄ።

«ገብቶኛል አባቴ። ስለገባኝ ነው የምሄደው።»

ከዳሱ ወጥቼ መንገድ ስጀምር ሞላ እየሮጠ ደረሰብኝ። ያ ትልቅ ድምፁ ጠፍቶ በሹክሹክታ ነው የሚናገረው። «እታለም፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ክኒኑን ቢውጡት ኖሮ... ያን ዕለትስ ፈጥነን ብናነሣቸው፣ ሐኪም ቤት ብናደርሳቸው... ይኖሩ ነበር?»

ልዋሽለት እችል ነበር። «የእግዜር ፈቃድ ነው» ብለው፣ ያ ፊቱ ላይ ያየሁት ብርሃን እስኪሞት አብሮት ይኖር ነበር። ማጽናኛ ቃል መቼም በአገራችን ሞልቷል። ያን ሰሞን ግን የሚያምር ቃል አስጠልቶኝ ነበር።

«አዎ» አልሁት።

እዚያው መንገዱ ላይ ቁጭ አለ። ዛሬ ገበያ ውስጥ ሲያየኝ መንገድ ቀይሮ ይሄዳል። ይቀይር። ነገ መጥቶ ቢጠይቀኝም አዎ ነው የምለው።